ባቡር፣ መኪና፣ አውሮፕላን፦ እውነተኛ ሒሳባቸው ስንት ነው? (31 መልሶች)

መነሻ ጽሑፍ

የውይይታችን ክር ረዘመ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ የተመለሰውን እንደገና ይጠይቃል። ስለዚህ ጥያቄዬንም የመጡትንም መልሶች አንድ ላይ ላስቀምጥ። መልሶቹን የጻፍኩት በራሴ አገላለጽ ነው፤ የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። አንዳንዱን አሳጥሬያለሁ፣ ስድቡን ትቼዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሳው ከአንድ ጉዞ ነው። የነዳጅ ወጪዬንና የባቡር ትኬቱን ጎን ለጎን ጽፌ ደመርኩ። መኪናው ረከሰ። ወረቀቱን አጥፌ ልነሳ ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። የደመርኩት ከኪሴ የሚወጣውን ብቻ ነው። ጭሱ የሚገባበት ሳንባ ወረቀቱ ላይ የለም። በክላክስ ከእንቅልፉ የሚባንነው ሕፃን የለም። መኪናዬ ቀኑን ሙሉ ተገትራ የምትውልበት መሬትም የለም።

እናም ጠየቅኩ። እኛ የማንከፍለው፣ ሌላ ሰው ግን የሚከፍለው ሁሉ ቢደመር፣ ርካሹ መጓጓዣ የቱ ነው? ደርድሩልኝ አልኩ። የራሴን ግምትም ጻፍኩ፦ እግር፣ ብስክሌት፣ ባቡር፣ አውቶቡስ፣ ሞተር ሳይክል፣ መኪና፣ አውሮፕላን። መርከብን ረስቼዋለሁ። ለዚያ በኋላ የእጄን አግኝቻለሁ።

መልስ 1

በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። አመስግነው ጀመሩ፣ አመስግነው ጨረሱ። ኢኮኖሚክስ ያስተምሩ እንደነበር ጠቅሰው፣ የምጠይቀው ነገር ስም እንዳለው ነገሩኝ፤ ውጫዊ ወጪ ይባላል። ሁለት ሰዎች ሲገበያዩ በግብይቱ የሌለበት ሦስተኛ ሰው የሚከፍለው ማለት ነው። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አርተር ፒጉ በ1920 ያቀረበውን መፍትሔም አብራሩ። ጉዳቱን ያመጣው ሰው የጉዳቱን ያህል ግብር ይከፍላል፤ ያኔ ዋጋው የተደበቀውን ወጪ ጭምር ያሳያል። ችግሩ፣ አሉ እሳቸው፣ ጉዳቱን የሚተምነው ማን እንደሆነ ነው።

መልስ 2

በሁለት ቃል ተስማምቶ ሄደ። እግር ይቅደም ባይ ነው።

መልስ 3

ዝርዝሬን ያፈረሰው ይህ ነው። ወንበር እንጂ ሰው አልቆጠርኩም። ሌሊት ሁለት ተሳፋሪ ይዞ የሚዞር ትልቅ አውቶቡስ አራት ሰው ከጫነች ትንሽ መኪና ይልቅ በነፍስ ወከፍ ብዙ ያጨሳል። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሲሞላ ደግሞ መኪናዋ አጠገቡ አትደርስም። በብዙ አገሮች የግል መኪና በአማካይ የምትይዘው ከሁለት ሰው በታች ነው፤ ሌላው ወንበር አየር ይዞ ይሄዳል። እና የቱ መጓጓዣ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ስንት ሰው ይዞ የሚለው መጨመር አለበት። እጄን ሰጥቻለሁ።

መልስ 4

የተሳቢ ሹፌር ናቸው። ዕድሜያቸውን አልነገሩንም። ከአጻጻፋቸው ግን መሪ የጨበጡት ከብዙዎቻችን ልደት በፊት ይመስላል። ዳገት ላይ ከባድ መኪና የሚሄድበትን ረድፍ እንድናይ ነገሩን። ጎማው የሚያርፍባቸው ሁለት መስመሮች እንደ ቦይ ሰምጠዋል። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው እዚያ ይተኛል። ትንሽ መኪና እየበረረች ስትገባበት ትንሸራተታለች። ባለንብረቱ ከልክ በላይ ሲያስጭን ትርፉ የእሱ ነው፤ ቦዩ ግን የማንም አይደለም። እሳቸውም ከልክ በላይ ጭነው እንደሚያውቁ አልደበቁም። ይህን ሳነብ ወደድኳቸው።

መልስ 5

የሹፌሩን ቦይ በቁጥር አስረዳ። ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት አንድ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። መንገዶቹ ለሙከራው ብቻ ተሠሩ። ከዚያ መኪኖች የተለያየ ክብደት እየጫኑ ቀን ከሌት ተነዱባቸው። ውጤቱ አስደንጋጭ ነው። በአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ ሆኖ አያቆምም፤ 16 እጥፍ ይጠጋል። ክብደቱ 10 እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 10,000 እጥፍ ይሄዳል፤ 10 በ10 በ10 በ10 ማለት ነው። የአራተኛ ኃይል ሕግ ይሉታል።

መልስ 6፣ 7 እና 8

እዚህ ላይ ሒሳብ ወዳዶች ተነሱ። 6 ይህን ይዞ አውቶቡስ ላይ ዘመተ፤ የሞላ አውቶቡስ አስፋልት ሰባሪ ነው ብሎ ከዝርዝሬ ታች ሊጥለው ፈለገ። 7 ብስክሌትን ሊያነግሥ ቁጭ ብሎ አሰላ። ብስክሌትና ነጂው ተደምረው 100 ኪሎ፣ መኪናዋ 1,500 ኪሎ ቢሆኑ፣ በየአክስሉ ያለው ልዩነት 15 እጥፍ ነው። 15 በ15 በ15 በ15 ሲባዛ ከ50,000 ያልፋል። ስለዚህ አንድ መኪና የ50,000 ብስክሌት ያህል ትጎዳለች አለ። 8 ቀስ ብሎ አረመው። ሕጉ የወጣው ከከባድ መኪኖች ሙከራ ነው፤ ብስክሌት ድረስ ቢጎትቱት ቁጥሩ ለወሬ ይጥማል እንጂ ትክክል አይሆንም። አስፋልትን ፀሐይና ውኃም ይሰብሩታል። 7 ቅር ብሎት ለአንድ ቀን ጠፋ።

መልስ 9

ከርዕስ ውጪ ነው፤ ግን ትቼው አላልፍም፣ ምክንያቱ ከታች ይገባችኋል። ከዝናብ በኋላ ጠዋት ሲነሳ ፍሬኑ ሲጥ ሲጥ እንደሚል ጽፎ ምክር ጠየቀ። አወያዩ ሊሰርዘው ነበር።

መልስ 10

አንድ ጎሚስታ መለሰለት። ጩኸቱ በዝናብ ከመጣ ዲስኩ ላይ የያዘች ስስ ዝገት ናት፤ ሁለት ሦስቴ ሲይዙት ይለቃል። ካልለቀቀ ሸራው አልቋል፣ ይቀየር። ይህን ብሎ ሊያበቃ ሲል ግን ለኔ ጥያቄ አንድ ጥያቄ ጣል አደረገ። አሮጌ ጎማ ፈትቶ ከአዲሱ ጋር ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው ከኪሎ በላይ ይጎድላል። የጎደለው ጎማ የት ሄደ? ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲቀይር የኖረ ሰው ነው፤ የጎደለውን መልሶ ያመጣ ደንበኛ ግን አላየም።

መልስ 11

የጎደለውን ፈልጎ አመጣው። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ኮሆ የሚባል የሳልሞን ዓሣ አለ። ከባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ ተመልሶ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። ከተማ አካባቢ ባሉ ወንዞች ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ዓሣው ሳይራባ ይሞት ነበር። ተመራማሪዎች ለዓመታት ግራ ገብቷቸው ኖሩ። በ2020 ገዳዩን አገኙት። ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመርበት 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ነው፤ ከአየር ኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ መርዝ ይለወጣል። ከጎማው የተፈገፈገው ብናኝ አስፋልት ላይ ይቀመጣል፣ ዝናብ አጥቦ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ አንድ ነገር አከለ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፣ ጎማ ግን አለው። በባትሪው ምክንያት ክብደቱም ይበልጣል። የፍሬኑ ሸራ እንኳ ይቆይለታል፤ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝለት።

መልስ 12

ክሩን ያዞረችው ይህች ሴት ናት። መኪና የላትም። የምትኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሥሩ ትልቅ መንገድ ነው። መስኮቱ ደፍ ላይ ጠዋት የምትጠርገው ብናኝ ማታ ተመልሶ እንደሚቆያት ጻፈች። አፈር ቢሆን እፍ ሲሉት ይበናል። ይህኛው በጣት ሲነኩት ይቀባል፤ ጥቁር ነው፣ ትንሽ ይሟልጫል። ሙቀት ሲሆን መስኮት መክፈት አትችልም። ልጇ የሚተኛው ጓዳ በኩል ባለው ክፍል ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ክፍል የሚያድርበት የለም። ለአንድ ክፍል ኪራይ እየከፈለች መንገዱ ይኖርበታል።

ነጭ ጨርቅ ቆርጣ በረንዳው ብረት ላይ በልብስ መቆንጠጫ እንደምትሰቅልና ከሳምንት በኋላ ውጤቱን እንደምታሳውቀን ቃል ገባች። ስለ ደረጃ ዝርዝሬ ምንም አላለችም። እኔም ከዚያ በኋላ ስለ ዝርዝሩ ማሰብ ከበደኝ።

መልስ 13

የሷን ነገር ይዞ ሰውና ጎረቤት ወዳለበት ወሰደው። ዶናልድ አፕልያርድ የሚባል ምሁር በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ ጎዳናዎችን አጠና። ልዩነታቸው የሚያልፍባቸው መኪና ብዛት ነው። በአንዱ በቀን ወደ 2,000፣ በሁለተኛው 8,000፣ በሦስተኛው 16,000 ገደማ። መኪና ባነሰበት ጎዳና አንድ ነዋሪ በአማካይ 3 ወዳጆች ነበሩት። መኪና በበዛበት አንድ እንኳ አልሞላም፤ 0.9 ነው። ቤቴ የምትሉት እስከ የት ነው ተብለው ካርታ ላይ እንዲያሰምሩ ሲጠየቁ፣ የመጀመሪያዎቹ ጎዳናውን በሙሉ ከበቡት። የመጨረሻዎቹ ከደጃቸው አልወጡም።

ይህን ወጪ በየትኛው ግብር ነው የምናስከፍለው? መልስ 1 ይህን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

መልስ 14

አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። አፕልያርድ በ1982 አቴንስ ውስጥ በፍጥነት የሚነዳ መኪና ገጭቶት ሞተ። ከዚህ በኋላ ለሰዓታት ማንም አልጻፈም።

መልስ 15

ዝምታውን ሊሰብር ስለ ማቆሚያ አነሳ። መኪና ከዕድሜዋ 95 በመቶ ገደማውን የምትኖረው ቆማ ነው። መሬቱ ከየት ይመጣል? ሕንፃ ሲሠራ የማቆሚያው ወጪ ኪራይ ውስጥ ይገባል፤ መኪና የሌለው ተከራይም አብሮ ይከፍላል። ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ሰው ልቡ ሌላ ጋ ነበር።

መልስ 16

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። ባለ መኪና ነው፣ ተቆጥቷል። መኪና የወንጀለኞች ዕቃ እስኪመስል መወገዙ ሰለቸኝ ባይ ነው። የሚሠራው በፈረቃ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲወጣ ባቡርም አውቶቡስም የለም። እናቱ ሌሊት ሲታመሙ ሐኪም ቤት ያደረሰቻቸው መኪናዋ ናት። የነዳጅ ግብር ይከፍላል፣ ኢንሹራንስ ይከፍላል። ሌላ ምን ልክፈል ይላል። ቃላቱ ሻካራ ነበሩ፤ ነገሩ ግን ውሸት የለበትም።

መልስ 17

አጸያፊ ነበር። ስለ ሰውየው ቦርጭና ስንፍና የተጻፈውን አወያዩ ሰርዞታል። የተረፈው እናቱን በየምሽቱ ሐኪም ቤት ይወስዳቸው እንደሆነ የሚጠይቅ ሽሙጥ ብቻ ነው። ስሜት ውስጥ ሆኖ የተጻፈ ነገር ነው፤ እለፉት።

መልስ 18

ሁለቱንም ልክ አስገባ። በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው። እግር ይቅደም ያልነውን ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ እግር ለማን ብሎ ጠየቀን። የአውቶቡሱ ደረጃ ለሱ ግድግዳ ነው። አሳንሰር የሌለው የባቡር ጣቢያ ለሱ የለም ማለት ነው። የእግረኛ መንገድ ላይ የወጣች መኪና ወደ አስፋልቱ ታወርደዋለች፤ እዚያው የተጣለ የኪራይ ስኩተርም እንዲሁ። አረንጓዴ ነኝ ባይ ሁሉ መንገዱን ሲዘጋበት ፈገግ ብሎ ይቅርታ ይጠይቀዋል። በእጅ የሚነዳ መኪና ካገኘ ወዲህ ነው ሰው ቤት ሳያስጠነቅቅ መሄድ የቻለው። 16 አመሰገነው። 17 አልተመለሰም።

መልስ 19

የዓለም ጤና ድርጅትን ቁጥር ይዛ መጣች። በመንገድ አደጋ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ከዚያ ወደ ዝርዝሬ ተመለሰች። እግርን አንደኛ ያደረግኩት በሌላው ላይ ወጪ ስለማያመጣ ነው። ትክክል። ግን እግረኛው ራሱ ምን እንደሚከፍል አልጻፍኩም። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት ግጭት በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የሚጣደፈው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው።

መልስ 20

ነርስ ናት። በመልስ 19 ቁጥሮች ውስጥ የሌሉትን ቆጠረችልን። የሞተው ይቆጠራል። እግሩ ተሰብሮ ወራት የተኛው እንደ ቁስለኛ ይመዘገባል። አልጋው ሥር ወንበር ላይ የምታድረው እህቱ ግን የትም አትመዘገብም። ሥራዋን ትታ ነው የምታስታምመው። ትምህርቱን ያቋረጠው ታናሽም አለ። አንድ ግጭት ስንት ሰው እንደሚጥል ሌሊት ተረኛ ሆና እንደምታየው ጻፈች፤ ከዚያ ተረኛ ነኝ ብላ ወጣች።

መልስ 21 እና 22

21 ወደ አየር ወሰደን። አውሮፕላን ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ያለው ድርሻ 2.5 በመቶ አካባቢ ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ግን ከኋላው የሚተወው ነጭ መስመር ሙቀት ያፍናል፤ ያ በካርቦኑ ቁጥር ውስጥ የለም። ደግሞ የዓለም አቀፍ በረራ ነዳጅ በአብዛኛው ግብር አይከፈልበትም። ሥሩ የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ነፃ ያደረገው አውሮፕላኑ ይዞት የሚገባውን ነዳጅ ነበር፤ ቀሪውን አገሮች ሁለት ለሁለት እየተዋዋሉ ጨመሩት። ስለዚህ ባለ መኪናው ለቤንዚኑ ይቀረጣል፣ ከራሱ በላይ የሚያልፈው ሰው አይቀረጥም። 16 ይህን ሲያነብ ደስ እንዳለው እገምታለሁ።

22 ለአውሮፕላን ተከራከረ። ተራራ አይቆርጥም፣ መንደር ለሁለት አይከፍልም፣ ሁለት ሜዳ ይበቃዋል። ሜዳው አጠገብ የሚተኛውን ሰው ግን አላነሳም።

መልስ 23

መርከብን በመርሳቴ የገሠጸኝ ይህ ነው። ከዓለም ንግድ በመጠን 80 በመቶ ገደማው በባሕር ነው የሚሄደው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክም የተወሰነ መንገድ በመርከብ ሳይመጣ አልቀረም። አንድ ቶን ዕቃ ሩቅ ለመውሰድ ከመርከብ የሚረክስ ጥቂት ነው። ነገር ግን መርከብ ሲቃጠልለት የኖረው የማጣሪያ አተላ ነው፣ ሰልፈር የበዛበት። በ2020 ዓለም አቀፍ ሕግ መጠኑን ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ አወረደው። የባሕር ዳር ሰው ተነፈሰ። እዚህ ጋ አንድ ተንኮል አለ፤ የሰልፈሩ ብናኝ የፀሐይን ጨረር እየመለሰ የተወሰነ ሙቀት ይሸፍን ነበር። አየሩ ሲጠራ ተሸፍኖ የነበረው ሙቀት ብቅ አለ።

ያረጀ መርከብስ የት ይሄዳል? ብዙው በባንግላዴሽ፣ በሕንድና በፓኪስታን ዳርቻ ጭቃ ላይ ይጎተታል። ሰዎች በእጅ ችቦ ይቆራርጡታል፣ ብዙዎች በቂ መከላከያ ሳይኖራቸው። ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶሱም የቀረ ዘይቱም ከነሱ ጋር ይቀራል።

መልስ 24

ባቡር አፍቃሪ ነው፤ ግን ራሱን ተቸ። ባቡር በራሱ በባቡሩ ብቻ አይመዘንም። ዋሻው፣ ድልድዩ፣ ሲሚንቶው አለ። ብዙ ሰው የሚመላለስበት መስመር ዕዳውን ይከፍላል። ለታይታ ተሠርቶ በቀን ሁለቴ የሚያልፍበት መስመር የሲሚንቶውን ካርቦን መቼም አይመልስም። መልስ 3 ላይ የተባለው፣ ስንት ሰው ይዞ የሚለው፣ እዚህም ሠራ።

መልስ 25 እና 26

25 መፍትሔው ቀላል ነው ብሎ መጣ፤ መንገድ ይስፋ፣ መጨናነቁ ይጥፋ፣ ጭሱ ይቀንስ። 26 አልታገሠውም። ሂውስተን ውስጥ ኬቲ የሚባለውን አውራ ጎዳና ጠቀሰ። ሲሰፋ፣ በአንዳንድ ቦታ የጎን መንገዶቹ ተቆጥረው 26 ረድፍ ደረሰ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መልሶ ቆመ። መንገድ ሲሰፋ ከዚህ በፊት ያልወጣው ሰው ይወጣል፣ ሩቅ የነበረውም ቤት ይሠራል።

ከማስፋት ይልቅ ማስከፈል ይሻላል ሲልም ሲንጋፖር በ1975፣ ለንደን በ2003 መሃል ከተማ በሚገባ መኪና ላይ ክፍያ መጀመራቸውን አስታወሰ። ስቶክሆልም በ2006 ለሰባት ወር ሞከረችው። ወደ መሃል የሚገባው መኪና በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ነዋሪው መጀመሪያ በአብዛኛው ተቃውሞ ነበር፤ ከሙከራው በኋላ ግን ድምፅ ሲሰጥ ይቀጥል ያለው በለጠ።

መልስ 27 እና 28

27 እሳት ሆኖ ገባ። ክፍያው ሀብታሙ ባዶ መንገድ የሚገዛበት ዘዴ ነው አለ፤ ድሃው ይባረራል። 28 በዚያው ቋንቋ መለሰለት። ድሃው ዛሬም እዚያው ነው ያለው፣ የሀብታም መኪና ያገደው አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ። ሁለቱ አራት ጊዜ ተመላለሱ፤ አወያዩ ቆጥሮ ሁለት መልስ አድርጎ አጠፈው። እኔ ከ28 ጋር ነኝ፤ ግን አንድ ነገር ሲሟላ ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ ለአውቶቡሱ ካልዋለ 27 ልክ ይሆናል።

መልስ 29 እና 30

29 ፈላስፋው ኢቫን ኢሊች በ1970ዎቹ ያሰላውን አመጣ። የዚያን ጊዜ አሜሪካዊ መኪናው ውስጥ የሚያጠፋው ሰዓትና ለመኪናው ለመክፈል የሚሠራው ሰዓት ሲደመር በዓመት 1,600 ነው። በዚያ የሚሄደው 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲካፈል በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር፤ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ነው። 30 ደግሞ በዚህ ሒሳብ ብስክሌት ይበልጣል ብሎ ተደሰተ። እሱ 7 ራሱ ነው፣ ተመልሷል።

መልስ 31

ሴትየዋ ቃሏን ጠበቀች። ጨርቁን በሳምንቱ አወረደችው። በብናኙ ጠቁሯል። መቆንጠጫዎቹ የያዙባቸው ሁለት ቦታዎች ብቻ ነጭ ቀርተዋል፣ እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ። ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠበችው። ግራጫ ሆነ እንጂ አልነጣም፤ ሁለቱ ነጥቦች እስካሁን ይለያሉ። ስለ ካርቦንም ስለ ግብርም አልጠየቀችም። ጎሚስታውን ነው የጠየቀችው፣ ማታ ከሥራ ሲወጣ እጁን በምን እንደሚታጠብ። ጎሚስታው ገና አልገባም።